ሻዝሊን ለማስተኛት የመጡ ሰዎች

ሻዝሊ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ የእስክንድርያን ትራም ነድቷል። ዘንድሮ ግን ጣቶቹ አባብጠው መዘወሪያውን መጨበጥ አቃታቸው። ጠዋት ጠዋትማ የሸሚዙን ቁልፍ የምትቆልፍለት ሚስቱ ኢንሺራህ ነበረች። የመሥሪያ ቤቱ ሽማግሌ ሐኪም ደሙን አስመርምረው ውጤቱን ሲያዩ ፊታቸውን አጨፈገጉ።

"ብግነቱ ጨምሯል። ለመሆኑ ሌሊት ስንት ሰዓት ትተኛለህ?"

"ሦስት... ከበዛ አራት።"

"መድኃኒት ብቻውን አይበቃህም። እንቅልፍ ያጣ ሰውነት ይቆጣል፣ የተቆጣ ሰውነት ደግሞ አያስተኛም። አሥራ አምስት ቀን ፈቃድ ሰጥቼሃለሁ፣ ጠግበህ ተኛ! ከዚያ ሳምንቱ ሲጀምር እሑድ ጠዋት ትቀርባለህ። እጅህ ካልተሻለው ወይም ከቀረህ፣ መንዳት አበቃ፤ መጋዘን ነው የምትገባው።"

መጋዘን! በዚህ ዓለም ላይ ሻዝሊ የሚኮራበት አንድ ነገር ቢኖር ያ የነጂ ወንበር ነው። ፌርማታ ላይ የቆመው ሁሉ እጁን አንስቶ ሰላም ሲለው የሚሰማውን ደስታ ሚኒስትርም አያገኘው። እሱን መጋዘን ገብተህ ብሎን ቁጠር ማለት በቁሙ መቅበር ነው።

ኢንሺራህ ነገሩ ገብቷታል። መጋረጃውን ዘጋች፣ ስልኩን ደበቀች፣ በራፋቸው ላይ የሚጮኸውን ዓሣ ሻጭ በሌላ መንገድ እንዲያልፍ ለመነችው። ጥፋቷ አንዲት ናት፤ ዳቦ ስትሰለፍ "ሻዝሊ አሞታል፣ ሐኪም እንቅልፍ አዞለታል" አለች። ወይ ምላስ! በሰፈራቸው በኮም ኤል ዲካ ሰው ታሞ አለመጠየቅ ነውር ነው። ጠይቆ ቶሎ መነሳት ደግሞ የባሰ ነውር ነው።

ያንኑ ዕለት ከመሸ ጎረቤቱ ሐጂ በዩሚ ብርቱካን ይዘው ከች አሉ። ፀጉር አስተካካዩ ሙንጂድና የልብስ ሰፊው ሚስት የነበረችው ባልቴት ናዚማ ተከተሏቸው።

"እንቅልፍ እምቢ አለህ አሉ?" አሉ ሐጂ።

"አሁን መጣ መጣ እያለ ነበር።"

"በል ተጋደም፣ እኛን አትቁጠረን! ለማስተኛት ነው የመጣነው።"

ሻዝሊ ተጋደመ። ሐጂ ሐሞታቸው የወጣበትን ታሪክ ከመጀመሪያው ቁርጠት እስከ መጨረሻው ስፌት ተረኩለት። ሙንጂድ መድኃኒቱ የሰላጣ ጭማቂ ነው አለ፤ ናዚማ የለም በሽታው የሰው ዓይን ነው ብላ በሻዝሊ ሆድ ላይ ተሻግራ ተከራከረችው። ሄድን ብለው ተነስተውም ደጃፉ ላይ አንድ ሰዓት ቆመው አወሩ።

በማግስቱ ሰዎቹ በረከቱ። የሻዝሊ ዓይን ጎድጉዶ ሲያዩት ደነገጡ። "ይሄ ሰው ብቻውን መተው የለበትም!" ተባለና ተራ ወጣለት፤ ሰኞ የነሙንጂድ፣ ማክሰኞ የነናዚማ።

"አስወጣቸው!" አለች ኢንሺራህ በስምንተኛው ቀን።

"በምን አፌ? ሐጂ የታመሙ ጊዜ ሦስት ሌሊት አጠገባቸው ተጎልቼ የትራም ወሬ ሳወራ ያነጋሁት እኔ አይደለሁም እንዴ?"

"ይሉኝታህ ይደፋሃል፣ አንተ ሰው!"

እሑድ ደረሰ። የሻዝሊ ጣቶች ከበፊቱ ብሰው ነበር፤ ቢሆንም ቀርቦ ሐኪሙን ተጨማሪ አንድ ወር ፈቃድ ሊለምን ቆርጧል። ብቻውንማ ማን ይሰደዋል? አሥራ አንድ ሰው ተከትሎት ትራም ላይ ወጣ።

ክሊኒኩ ኮሪደር ላይ ነርሷ ገና ስታያቸው "እዚህ የሚያወራ ይወጣል!" አለቻቸው። ጎረቤቶቹ በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ዝም አሉ። ኢንሺራህ የፈቃድ ወረቀቱን ማኅተም ልታስመታ ምድር ቤት ወርዳ ተሰለፈች። ሻዝሊ አግዳሚው ላይ ጭንቅላቱን ግድግዳው ላይ አስደግፎ አንዴ አዛጋ፣ ከዚያ እንቅልፍ ጭልጥ አድርጎ ወሰደው።

"ሻዝሊ!" ነርሷ ተጣራች።

ሐጂ በዩሚ ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አደረጉ።

"ሻዝሊ የሚባል የለም? ተራው ደርሷል!"

"እሽሽ! ተኝቷል" አለ ሙንጂድ በሹክሹክታ።

"ታዲያ ቀስቅሱት!"

"አንቺ ልጅ፣ አንጀት የለሽም?" ናዚማ ሻርፗን አውልቃ ሻዝሊን አለበሰችው። "ተኛ ያሉት ራሳቸው ሐኪሙ አይደሉም እንዴ? ከስንት ጊዜ በኋላ ያገኛትን እንቅልፍ!"

ነርሷ ትከሻዋን ሰበቀችና "አልቀረበም" ብላ ጽፋ ሌላ ሰው ጠራች።

ኢንሺራህ ማኅተሙን ይዛ ስትመለስ ባሏ እየነቃ ነበር። ሐኪሙ ግን ዝርዝሩን ፈርመው ሄደዋል። በስሙ ትይዩ "አልቀረበም፤ መጋዘን" ይላል። ሻዝሊ ሁለቴ አነበበው። ሃያ ስድስት ዓመት በአንዲት መስመር አለቀ። ከዚያ ንዴቱ መጣ። በዕድሜው ለማንም ያልተናገረውን ቃል ሊያወርድባቸው ወደ ጎረቤቶቹ ዞረ።

"አይዞህ ወንድሜ!" አሉ ሐጂ በዩሚ፣ ከልባቸው እንባ አቅርረው። "ይሄን ኀዘንማ ብቻህን አትሸከመውም። ዛሬ ማታ ሁላችንም እንመጣለን።"

ኢንሺራህ ክንዱን ጭምቅ አደረገችው። "በል አሁን ንገራቸው" አለችው በጆሮው።

ሻዝሊ አሥራ አንዱን ፊት አንድ በአንድ አየ።

"ምን ትጠይቃላችሁ፣ ቤታችሁ አይደል" አለ።

ኢንሺራህ ክንዱን ለቀቀችውና ለማታው ሻይ ስኳር ልትገዛ ሄደች።