ያላየው ግማሽ

በጋዜጣው ቢሮ ውስጥ የፊልም ጸሐፊውን በትክክለኛ ስሙ የሚጠራው የሰው ኃይል ክፍል ብቻ ነበር። ለሌላው ሁሉ «አዋቂው» ነው። ስሙ የወጣለት ዓመታዊው የፊልም ሽልማት በደረሰ ቁጥር ማን እንደሚያሸንፍ አስቀድሞ ስለሚጽፍና የጻፈውም ስለሚሰምርለት ነው። አሥራ አንድ ዓመት ጽፏል። ባለፈው ዓመት ከአሥራ አምስቱ ዘርፎች አሥራ አራቱን አግኝቷል። ነፍሰ ጡሯ ጸሐፊ «እስቲ አዋቂው፣ ወንድ ነው ሴት?» እያለች ሆዷን ታሳየዋለች፤ የበሩ ጥበቃ ደግሞ የኳስ ውጤት ይጠይቀዋል። እሱ «ይሄ በኔ ክፍል አይደለም» ብሎ ይስቅና ያልፋል። ስሙን ግን ይወደዋል።

ጥንቆላ አልነበረም። ፊልሞቹን ሁሉ ያያል፣ ማስታወሻ ይይዛል፣ ከባለሙያዎቹ ጋር ሻይ ይጠጣል፣ ዳኞቹ ምን ዓይነት ነገር እንደሚወዱ ያውቃል። ዳኞቹ ስልሳ ናቸው፤ ሁሉም የሙያው ሰዎች። ሦስት ሳምንት ይሰጣቸውና ምርጫቸውን በፖስታ አሽገው ይልካሉ። የአዋቂው ትንበያ የሚወጣው ሁለተኛው ሳምንት ሲያልቅ ነው። ለምን ድምፁ ተሰጥቶ ሳያልቅ እንደሚወጣ እሱም አልጠየቀም፣ የጠየቀውም የለም። አንባቢ የሚበዛው ያኔ ነበር፤ በቃ።

በዚያ ዓመት በኤዲቲንግ ዘርፍ ከቀረቡት ዕጩዎች አንዱ ወጣት ኤዲተር፣ ሌላዋ ደግሞ እትዬ መቀስ ነበሩ። ፊልም በመቀስ እየተቆረጠ በሚቀጠልበት ዘመን ሥራ ስለጀመሩ ነው እንዲህ የሚባሉት። ከአርባ በላይ ፊልም ሠርተዋል፤ ስማቸው ግን ተመልካቹ ኮቱን አንስቶ ወደ በሩ ሲጋፋ ከኋላው በማያው ላይ የሚያልፍ ስም ነበር። ለሽልማት ሲታጩ የመጀመሪያቸው ነው። የታጩበት ፊልም ስለ አንድ የድልድይ ጠባቂና ስለ ሴት ልጁ የሚተርክ፣ ሁለት ሰዓት ከአርባ ደቂቃ የሚፈጅ ሥራ ነው።

ለጋዜጠኞች የታየው ቅዳሜ ጠዋት ነበር። አዋቂው መሐል ረድፍ ላይ ተቀመጠ። ማያው ላይ ጠባቂው ከድልድዩ ዳር ካለችው ጎጆ ወጣ፣ የመዝጊያውን ሰንሰለት ጎተተ፣ ቋጠረ፣ ጫፉን መሬት ላይ ጣለ፣ ተመልሶ ገባና አንድ ብርጭቆ ውሃ ጠጣ። ውሃውን እስኪጨርስ ድረስ ካሜራው ንቅንቅ አላለም። አዋቂው አዛጋ፤ ሰዓቱን አየ፤ ሃያ ደቂቃ ሆኗል። ሻይ ቢጤ ቀምሼ ልመለስ ብሎ ወጣ።

ውጭ ሁለት የሬድዮ ጋዜጠኞች ስለ አንዲት ተዋናይ ተጨቃጭቀው ሊናከሱ ደርሰዋል። አብሯቸው ተቀመጠ፣ ሳቀ፣ ሁለተኛ ሻይ አዘዘ። «አሁን እገባለሁ፣ አሁን እገባለሁ» ሲል በሩ ተከፈተና ሰው መውጣት ጀመረ። ከሚወጡት አንዱን «እንዴት ነው?» አለው።

«ረጅም ነው» አለ ሰውዬው የመኪናውን ቁልፍ በኪሱ እየፈለገ።

ስለ ፊልሙ የሰማው ይህንኑ ብቻ ነበር። ሊመለስበት አስቦ ነበር፤ ዛሬ ነገ ሲል ሳምንቱ አለፈ። ትንበያውን የሚያስረክብበት ቀን ደረሰና ኤዲቲንግ የሚለው ርዕስ ላይ ሲደርስ እንዲህ ብሎ ጻፈ፦ «የድልድዩ ፊልም መልካም ይጀምራል፤ ሁለተኛው ግማሽ ላይ ግን ትንፋሽ ያጥረዋል። የአንጋፋዋ እጅ እንደ ድሮው አይመስልም። ሽልማቱ የወጣቱ ነው።»

ጣቶቹ ፊደሎቹ ላይ ቆሙ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ እንዲሉ፣ የትኛውን ግማሽ እንዳላየ ያውቃል። ያን ጊዜ ዋና አዘጋጁ ከመስታወቱ ወዲያ «ኧረ ገጹን ልዝጋው!» ብሎ ጮኸ። ላከው።

የሽልማቱ ዕለት እሁድ ከሰዓት በኋላ አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። ከመድረኩ አንድ ስም በተጠራ ቁጥር የጋዜጣው ሰዎች ወደ አዋቂው እየዞሩ ጣታቸውን ያወጣሉ፤ አምስት፣ ስድስት፣ ሰባት። የኤዲቲንጉ ተራ ሲደርስ የተጠራው ወጣቱ ነበር፤ ወንበሩን ገልብጦ እየሮጠ ወጣ። አዋቂው እትዬ መቀስ የተቀመጡበትን ፈልጎ አየ። እጃቸውን ከፍ አድርገው ያጨበጭቡ ነበር፤ ከጎናቸው ካሉት ሁሉ በኋላ ነው ያቆሙት። ወዲያው ሌላ ስም ተጠራ፣ እሱም ትክክል ሆነ። መጨረሻ ላይ አሥራ አምስት ከአሥራ አምስት አገኘ። ባልደረቦቹ ትከሻው ላይ ተረባረቡበት።

ወደ መውጫው ሲያመራ አንድ ሰው ከኋላው አቀፈው። ለፊልሞች ቤትና መንደር የሚገነባ አናጢ ነው፤ ከስልሳዎቹ ዳኞች አንዱ።

«አዋቂው! እግዜር ይስጥህ፣ ከስንት ጣጣ አዳንከኝ!»

«ምን አደረግኩልህ?»

«ሥራ ወጥሮኝ ከፊልሞቹ ግማሹን እንኳ ሳላይ ቀኑ ደረሰብኝ። ጋዜጣህን ዘረጋሁና ያላየሁትን ካንተ ገለበጥኩ። ኤዲቲንግማ ለኔ ምኑ ይገባኛል? አንተ እጃቸው ደክሟል ካልክ፣ ደክሟል ነዋ!»

አዋቂው ፈገግ ለማለት ሞከረ። «እንዲህ ያደረግከው አንተ ብቻ ነህ?»

«እኔ ብቻ?» አናጢው በሳቅ ፈረሰ። «እኛ ጠረጴዛ ላይ ያለነው አምስታችንም! ምን ሆንክ፣ ፊትህ ጠቆረ? ደስ ይበልህ እንጂ። ትንቢት ማለት ይሄው አይደል?»

አዋቂው በእግሩ ወደ ቤቱ ሄደ። ገመትኩ ብሎ ያስብ የነበረው ትእዛዝ ሆኖ መገኘቱን፣ ትእዛዙም የመኪናውን ቁልፍ ይፈልግ ከነበረ አንድ ሰው አፍ የወጣ መሆኑን እያሰበ መታጠፊያውን ሁለት ጊዜ አልፎት ሄደ።

ማክሰኞ ከምሳ በኋላ ከቢሮ ጠፍቶ ለድልድዩ ፊልም ቲኬት ቆረጠ። አዳራሹ ውስጥ ሰባት ሰው ነበር። ፊልሙ ተጀመረ፤ ጠባቂው ሰንሰለቱን ጎተተ፣ ቋጠረ፣ ጣለ፣ ውሃውን ጠጣ። ፊልሙ ውስጥ በማግስቱም እንዲሁ። በሦስተኛውም ቀን እንዲሁ፤ ከመጎተት እስከ መጣል አንዲት ነገር ሳትጎድል። አዋቂው ሳይታወቀው የሰንሰለቱን ድምፅ መጠበቅ ለመደ። በሁለተኛው ግማሽ ልጅቱ ቦርሳዋን ይዛ፣ ላትመለስ፣ ድልድዩን ተሻገረች። ያን ዕለት አባትየው ሰንሰለቱን ጎትቶ ቋጠረ፤ ጫፉን ገና ሳይጥለው ምስሉ ተቆረጠ። ወዲያ ማዶ ልጅቱ በጸጥታ ትራመዳለች። ሰንሰለቱ የወደቀው ያኔ ነው፤ ድምፁ ፊቷ ላይ አረፈ፣ እሷም ቆመች። ከፊቱ የተቀመጡት ሴትዮ «ውይ!» አሉ። ያ ሁሉ ዝግታ የተዘረጋው ለዚህች አንዲት ቅጽበት ነበር። ትንፋሽ ያጠረው ፊልሙን ሳይሆን አዋቂውን ነው።

ሚስቱ የሒሳብ አስተማሪ ናት። ቤት ሲገባ የምግብ ጠረጴዛው ላይ የፈተና ወረቀት ቆልላ ታርማለች። ቆሞ፣ ጃኬቱን ሳያወልቅ ሁሉንም ነገራት። ቀይ እስክሪብቶዋን አስቀምጣ መነጽሯን አወለቀች።

«ወረቀቱን ሳታነብ ማርክ ሰጠህ ማለት ነው።»

«ልመለስበት አስቤ ነበር እኮ። ጊዜው…»

«ማርክ መስጠት ብቻ አይደለም፤ አስተያየትም ጽፈህበታል። እጃቸው ደክሟል ብለህ።»

«ምን ባደርግ ይሻላል?»

«እኔን ምን ትጠይቀኛለህ?» አለችው መነጽሯን መልሳ እያደረገች። «አዋቂው አንተ ነህ።»

በዚያ ስም ጠርታው አታውቅም ነበር።

በማግስቱ ወደ እትዬ መቀስ የሥራ ክፍል ሄደ። ከአንድ ሕንፃ ምድር ቤት፣ ወፍራም መጋረጃ የተጋረደባት ጠባብ ክፍል ናት። ሁለቱ ማያዎች ነጭ አንሶላ ለብሰዋል፤ ወለሉ ላይ አፋቸው የታሸገ ካርቶኖች ተደርድረዋል። እትዬ መቀስ አንዱን በገመድ እያሰሩ ነበር።

«ስለ ሽልማቱ ልትጠይቀኝ ከሆነ የመጣኸው፣ ያሸነፈው ልጅ ጎበዝ ነው ብለህ ጻፍ» አሉት ቀና ሳይሉ። «የምሬን ነው።»

«ለጥያቄ አይደለም የመጣሁት፣ እትዬ። እኔ… ፊልሙን ሳላየው ነው የጻፍኩት።»

ገመዱን ለቀቁት።

«ሃያ ደቂቃ አይቼ ወጣሁ። ስለ ሁለተኛው ግማሽ የጻፍኩት ሐሰት ነው። ትናንት ገና አየሁት። ዳኞቹ ደግሞ የኔን ጽሑፍ እየገለበጡ…» 

እትዬ መቀስ በርጩማቸው ላይ ቀስ ብለው ተቀመጡ። «የት ላይ ነው የወጣኸው?»

«ውሃውን ሲጠጣ።»

«የመጀመሪያውን ነው ሁለተኛውን?»

«የመጀመሪያውን።»

«ገና ፊልሙ ሳይጀምር» አሉ ለራሳቸው።  ኮሪደሩ ላይ ሰው አለፈ፤ የሊፍቱ በር ተከፍቶ ተዘጋ።

«ሽልማቱንስ ተወው» አሉ በመጨረሻ። «ያለሱ አርባ ዓመት ኖሬ የለ? እኔ ግን ያንን ጽሑፍ ካነበብኩ በኋላ ሁለተኛውን ግማሽ አራት ጊዜ አየሁት። ትንፋሽ የሚያጥረው የት ጋ እንደሆነ ፈልጌ ፈልጌ አጣሁት። ሌላ ሰው ቢሆን ‹ይሄ ሰውዬ አላየውም› ይል ነበር። እኔ ግን፣ አዋቂ የሚባል ሰው ያየውን እኔ ማየት ካቃተኝ በቃ ዓይኔ ሄዷል አልኩ። ዳይሬክተሩ ቀጣዩን ፊልም ይዞልኝ ሲመጣ አልችልም፣ ሌላ ፈልግ አልኩት። ሌላ አገኘ። እኔም ይኸው ዕቃዬን እየሰበሰብኩ ነው።»

አዋቂው የመጣው ስለ አንድ ሽልማት ሊናዘዝ ነበር። ይህኛውን አላሰበውም። ግድግዳውን ተደገፈ።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ እትዬ።»

«እሷን ቃል ለጊዜው ያዛት» አሉት። አልጮኹም። «አሁን ብትሰጠኝ የት አስቀምጣታለሁ? የምትጽፍ ከሆነ ጻፍ፤ ለኔ ብለህ ግን አትጻፍ። በል ሂድ፣ ልሥራበት።»

የሚሠራ ነገር አልነበረም። እሱም ይህን እያወቀ ወጣ።

ዋና አዘጋጁ አዋቂው የጻፈውን የእርምት ጽሑፍ ሲያነብ ጆሮው ቀላ። «አሥራ አምስት ከአሥራ አምስት ባገኘህበት ሳምንት ‹አላየሁም› ልትል? ጋዜጣውን ልታዋርደው ነው?» ሁለት ቀን ተከራከሩ። በመጨረሻ ከውስጥ ገጽ ግርጌ፣ ከሚሸጡ ቤቶች ማስታወቂያ በላይ ወጣ። የአናጢውን ስም አልጠቀሰም፤ የራሱን ግን ሙሉውን ጻፈ።

እውነቱን ከተናገረ ሸክሙ የሚቀለው መስሎት ነበር። የሽልማቱ ኮሚቴ ውጤቱ እንደጸና አስታወቀ። አናጢው መንገድ ላይ ሲያየው ፊቱን አዞረ። በሦስተኛው ቀን ያሸነፈው ወጣት ኤዲተር ደወለለት።

«አንተ ተናዝዘህ ተገላገልክ» አለው። «እኔስ? እኔ ምን በደልኩ? ሁለት ዓመት ለፍቼበታለሁ። እናቴ ሽልማቱን ሳሎን አስቀምጣው ለጎረቤት ስታሳይ ከርማ፣ ትናንት አንስታ ቁም ሳጥን ውስጥ ከተተችው። ‹ልጄ፣ እውነት ያንተ ነው?› አለችኝ። ምን ልበላት?»

አዋቂው የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ሲባል ከልጅነቱ ጀምሮ ሰምቷል፤ ወለምታው አንዱን ሲያሹት ሌላው ላይ እንደሚብስ ግን የነገረው አልነበረም። «ሥራህ ጥሩ ነው፤ ያንተን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አይቼዋለሁ» አለ። ወጣቱ «አሁን ማን ያምንሃል?» ብሎ ስልኩን ዘጋው።

የትንበያው ገጽ ለሌላ ሰው ተሰጠ፤ ራሱ ነው አልጽፍም ያለው። ስሙ ግን አልለቀቀውም። «አዋቂው» ሲሉት ድሮ የሚስቅበት ቦታ ላይ አሁን አንገቱን ይደፋል።

ዓመት ሊሞላው ሲል፣ አንድ ከሰዓት በኋላ ሲኒማ ቤቱ መግቢያ ላይ እትዬ መቀስን ከታናሽ እህታቸው ጋር አገኛቸው። ካርቶኖቹን ፈትተው አንድ አጭር ፊልም መሥራት መጀመራቸውን ከሰው ሰምቶ ነበር። ያን ያህል ወራት ሊላቸው ያዘጋጀው ነገር ነበረው።

«ደህና ነህ?» አሉት ቀድመው። «ባለቤትህስ?»

«እግዜር ይመስገን፣ ደህና ነን። እርስዎስ?»

«አለን።»

እለፍ እንደማለት ራሳቸውን ነቅነቅ አደረጉ። እህታቸው «ማነው?» ሲሉ ሰማ።

«ጋዜጣ ላይ የሚጽፍ ልጅ ነው» አሉ እትዬ መቀስ፤ ሌላ ምንም አልጨመሩም። እርግማንም ምሕረትም የሌለበት፣ ለማንም የሚሰጥ መልስ ነው። ቢሰድቡት በተሻለው።

ከኋላቸው ሦስት ረድፍ ርቆ ተቀመጠ። መብራቱ ጠፋ፣ ፊልሙ ጀመረ። እሱ ግን ዓይኑ ከሽበታቸው አልነቀል አለ፤ ሲስቁ ትከሻቸው ሲነቃነቅ ያያል፣ ዝም ሲሉ ምን አይተው ይሆን ይላል። ማያው ላይ ምን እንዳለፈ ሳያውቅ መብራቱ በራ። ስለዚያ ፊልም እንዲጽፍ ታዝዞ ስለነበር፣ በማግስቱ ብቻውን ተመልሶ ሌላ ቲኬት ቆረጠ።