ሁለተኛው ተሳፋሪ

የባንኩ ማሽን "ጥሪዎ ለእኛ ትልቅ ዋጋ አለው" እያለ ይደጋግምና በመሀል በመሀሉ ያንኑ ፒያኖ ያንቆረቁራል። ፋናዬ ስልኩን ስፒከር ላይ አድርጋ ከስኳር ዕቃው ጋር አስደግፋዋለች። እጇ እስከ ክርኗ ዱቄት ነው። የተቆላ ገብስ ለገንፎ እየነፋች ወንፊቱን ከወዲያ ወዲህ ታመላልሳለች።

"ዋጋማ አለኝ!" አለች ለስልኩ። "አምስት መቶ ዘጠና ዘጠኝ ዶላር!"

ባሏ ሙሉነህ አልሳቀም። መስኮቱ ሥር ቁጭ ብሎ የሻንጣዋን ጎማ በካቻቢቴ ይታገላል። ዛሬ ቅዳሜ ነው፣ የእረፍት ቀኑ። በሌላው ቀን ከሰፈራቸው ከፍሌሚንግደን ፓርክ ኢቶቢኮ ድረስ ሄዶ ሊሞዚኑን ያወጣና ሰው ወደ ኤርፖርት፣ ሰው ከኤርፖርት ሲያመላልስ ይውላል። የትኛው አየር መንገድ በየትኛው በር እንደሆነ ከእንቅልፉ ቢቀሰቅሱት ይናገራል። ራሱ አውሮፕላን ላይ ከወጣ ግን ስንት ዘመኑ!

"ካርዱን ሰርዢውና ተገላገይ" አለ ቀና ሳይል። "ድሮም አያስፈልግሽም ብዬ ነበር።"

"አንተ ምን ያስፈልጋል ብለህ ታውቃለህ?"

ካርዱ የመጣው የዛሬ ዓመት ነው። ፋናዬ ገንዘብ ልታስገባ ባንክ ብትሄድ፣ ቤዚ የምትባል ፈገግታ የማይለያት የአገር ልጅ ያዘቻት። "የጉዞ ካርድ ይውሰዱ እንጂ እትዬ! የመጀመሪያው ዓመት በነጻ ነው። ኤርፖርት ላውንጅ ገብተው በነጻ ይበላሉ፣ ሻንጣ በነጻ ይጭናሉ፣ አብሮዎት ለሚሄድ ሰው ደግሞ ትኬቱ ዘጠና ዘጠኝ ዶላር ብቻ!" ፋናዬ በአረጋውያን መጦሪያ የምትሠራ፣ ከከተማ እምብዛም የማትወጣ ሴት ናት። ለላውንጁ ደንታም አልነበራት። "አብሮዎት ለሚሄድ ሰው" የሚለው ነገር ግን ልቧ ውስጥ ገብቶ ቀረ። አንድ ልጇ ሩሃማ ካልጋሪ ናት። አባትና ልጅ ከተኳረፉ ያን ጊዜ ሁለት ዓመት ሆኗቸው ነበር። ትኬቱ ከረከሰለት ሙሉነህ ይሄዳል ብላ ካርዱን ወሰደች፤ ባሏን እንደማታውቀው።

ዓመቱም እንዲሁ አለፈ። ካርዱ የጠቀማት አንድ ጊዜ ብቻ፣ ለአክስቷ ልጅ ለቅሶ ዋሽንግተን ስትሄድ ነው። ያን ቀን ላውንጅ ገብታ ዶሮው፣ ቺዙ፣ ኬኩ ተደርድሮ ስታይ ዓይኗ በራ፤ ሳህን አነሣች። ሁዳዴ መሆኑ ትዝ ሲላት ሳህኑን ቀስ አድርጋ መለሰች፤ ሻይ ጠጥታ፣ ሙዝ በልታ ወጣች። ሙሉነህ ይህን በሰማ ጊዜ "ያ ሁሉ ድግስ በነጻ ቀርቦልሽ ሙዝ?" እያለ ከርሞባታል።

አሁን ነጻው ዓመት አለቀ። የዓመቱ ክፍያ፣ አምስት መቶ ዘጠና ዘጠኙ ዶላር፣ ሰኞ ይቆረጣል። ሩሃማ ደግሞ ልትወልድ ጥቂት ሳምንት ነው የቀራት። ፋናዬ ገብሷን፣ ተልባዋንና ቅቤዋን ይዛ ልጇን ልታርስ ትሄዳለች፤ ይሄ አያጠያይቅም። የሚያጠያይቀው ብቻዋን ነው ወይስ ሁለት ሆነው የሚለው ነው።

ፒያኖው ተቋረጠና አንዲት ድምፀ ለስላሳ ሴት በእንግሊዝኛ በምን ልርዳዎት አለች። ፋናዬ ካርዱን ለማሰረዝ እንደደወለች ነገረቻት። ሴትየዋ እንዴት እንዲህ ያለ ካርድ ይሰረዛል በሚል ቅላጼ "ጥቂት ይታገሡኝ፣ ሒሳብዎን ልመልከት" አለችና ያንኑ ፒያኖ መልሳ ለቀቀችባቸው።

"እስቲ ስማኝ" አለች ፋናዬ ዱቄቱን ከእጇ እያራገፈች። "ብቻዬን ከሄድኩ የማተርፈው የሻንጣ ሰባ ዶላር ነው። ስድስት መቶ ዶላር ከፍሎ ሰባ ማትረፍ እብደት ነው።"

"ታዲያ እኔስ ምን አልኩሽ?"

"አልጨረስኩም። ሁለት ከሆንን የሁለተኛው ሰው ትኬት ላይ አራት መቶ ስልሳ አንድ እናተርፋለን። የሁለታችን ሻንጣ ደርሶ መልስ መቶ አርባ። ደምረው።"

ሙሉነህ ደመረ። ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አየችው።

"ስድስት መቶ አንድ።"

"አየህ! ሁለት ዶላር ተረፈን።"

"ለሁለት ዶላር ብለሽ ካልጋሪ ልትወስጂኝ!" ሳይወድ ፈገግ አለ። ግን ብዙም አልቆየ፣ ፊቱ ተመልሶ ተዘጋ። "ያልጠራኝ ሰው ቤት አልሄድም፣ ፋኒ።"

ፋናዬ እጇን በሽርጧ ጠርጋ ስልኩን አነሣች፤ ፒያኖው ሳይቋረጥ ሩሃማ ጠዋት የላከችውን ፎቶ ከፍታ አፍንጫው ሥር አደረሰችለት። ጠበብ ያለች ክፍል ናት። አዲስ አልጋ፣ ሰማያዊ አንሶላ፣ ጎን ለጎን ሁለት ትራስ።

"ፍራኦል ነው ገዝቶ የገጠመው። ኩዊን ሳይዝ፣ የሁለት ሰው። እኔ ለብቻዬ ኩዊን ሳይዝ አልጋ ምን ያደርግልኛል?"

ሙሉነህ ፎቶውን አየት አደረገና ወደ ጎማው ተመለሰ።

ፍራኦል የሩሃማ ባል ነው። ጠቡም በእሱ የመጣ ነው፤ በእሱ ሳይሆን በሽማግሌዎቹ ማለት ይሻላል። የዛሬ ሦስት ዓመት ሩሃማን ሊያገባ ሽማግሌ ላከ፤ ያውም በኢንተርኔት፣ በዙም። ሙሉነህ ሱፉን ለብሶ ላፕቶፑ ፊት ተቀመጠ፤ ፋናዬ ከጓዳ ሆና ትሰማለች። ስክሪኑ ላይ ሦስት የፍራኦል ጓደኞች ብቅ አሉ። ከሦስቱ ሽማግሌዎች ትልቁ ሠላሳ አምስት ዓመት ቢሆነው ነው፤ አንዱማ ባለኮፍያ ሹራብ፣ ሁዲ፣ ለብሶ ነበር። ሙሉነህ እስከ መጨረሻው በጨዋ ደንብ ሰማቸውና "እናስብበት" ብሎ ላፕቶፑን ዘጋ። ከአራት ወር በኋላ ሩሃማ እያለቀሰች ደወለች። ማዘጋጃ ቤት ሄደው ተፈራርመዋል። ከዚያ ወዲህ ሙሉነህ ስሟን ጠርቶ አያውቅም፤ ግድ ሲሆንበት "ያቺ ልጅ" ይላል።

"ሽማግሌ በኮምፒውተር ላኩብኝ ብለህ ሦስት ዓመት!" አለች ፋናዬ። ትዕግሥቷ አልቆ ነበር። "እኔ እናቷ መሀል ቤት ነደድኩ እኮ። አንተ ራስህ እምቢ ብለሃቸው ነው ሄደው የተፈራረሙት።"

ካቻቢቴው ቆመ።

"እኔ? እምቢ አልኩ?"

"እናስብበት አላልክም?"

"አልኩ! ታዲያ ምን ልበል? በመጀመሪያው ቀን እሺ ብሎ ልጁን የሚሰጥ አባት አይተሽ ታውቂያለሽ? አባትሽ እኔን ስንት ጊዜ ነው ያመላለሱኝ?"

"ሦስት ጊዜ።"

"ሦስት ጊዜ! በመጨረሻው ቀን ሽማግሌዎቼ በዝናብ በስብሰው ነው በራችሁ የደረሱት። እናስብበት ማለት ተመልሳችሁ ኑ ማለት ነው። ይሄን የማያውቅ ሰው አለ?"

አለ እንጂ፣ አለች ፋናዬ በልቧ። ፍራኦል በአራት ዓመቱ ካናዳ የገባ ልጅ ነው። ሩሃማም እዚሁ ነው ያደገችው። እዚህ አገር ቤት አከራይም ሆነ ቀጣሪ እናስብበታለን ካለ እምቢ ማለቱ ነው፤ ሰው ቅስሙ ተሰብሮ ሌላ በር ያንኳኳል። ልጆቹም ያንኑ አደረጉ።

"በሚቀጥለው ቅዳሜ" አለ ሙሉነህ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "ሱፌን ለብሼ የተቀመጥኩት ለምን ይመስልሻል?"

ትዝ አላት። ከረባቱን አስሮ፣ ላፕቶፑን ቻርጅ ላይ ሰክቶ፣ እስኪመሽ ከወንበሩ አልተነሣም ነበር። የት ልትሄድ ነው ስትለው "የትም" አላት። የሰው ሠርግ የቀረበት መስሏት ምሳውን እዚያው አቀረበችለት፤ አጠገቡ እንኳ አልተቀመጠችም። በተከታዩም ቅዳሜ እንዲሁ ለብሶ ነበር። ያን ጊዜ ሥራ ላይ ስለነበረች ያየችው ሲያወልቅ ብቻ ነው።

 ሦስት ዓመት ሙሉ ልበ ደንዳና እያለች የወቀሰችው ባሏ፣ ለካ ይመጣሉ ብሎ ሲጠብቅ የቀረ አባት ነው።

"ለምን አልነገርከኝም?"

"ምን ብዬ? ልጄን በደንብ አልለመኑኝም ብዬ?"

ሄዳ ትከሻውን ያዘችው። ጥቁር ሹራቡ ላይ አምስት ጣቷ በዱቄት ታተመ፤ እሱም አላራገፈውም።

"ስልክ ልትዘጋ ስትል ሁልጊዜ 'አባዬ ደህና ነው?' ትለኛለች" አለች ፋናዬ። "ትቆጣለህ ብዬ አልነግርህም ነበር።"

"ሁልጊዜ?"

"አንድም ቀን ሳትለኝ ዘግታ አታውቅም።"

ሙሉነህ እጁን ዘርግቶ ስልኩን ተቀበላትና ፎቶውን በሁለት ጣቱ አሰፋው። ትራሶቹን አየ። ወደ ታች ወረደ። ግንባሩን ቋጠረ።

"ይሄ የአልጋው እግር ጠማማ ነው።"

"የቱ?"

"ይኸው! ብሎኑን አላጠበቀውም። ሰው ሲተኛበት ይከዳል። ያቺ ልጅ ደግሞ በዚህ ሆዷ..." አቋረጠ። "ሩሃማ ትቀመጥበት ይሆናል እኮ!"

ፋናዬ የልጇን ስም ከአፉ ከሰማች ስንት ጊዜዋ ነው! ብትናገር መልሶ የሚውጠው መሰላት።

ፒያኖው ተቋረጠ። "ስለጠበቁኝ አመሰግናለሁ" አለች ሴትየዋ። "ካርዱን አሁኑኑ ልሰርዝልዎት?"

ፋናዬ ባሏን አየችው። ባሏ ፎቶውን ያያል።

"ሃሎ? መስመር ላይ አሉ?"

ሙሉነህ ጉሮሮውን ጠራረገ። ወደ ስልኩ ጎንበስ ብሎ፣ መኪናው ውስጥ ለትልልቅ ደንበኞች በሚያወጣው ድምፅ "ኖ" አለ። "ዶንት ካንስል። ኪፕ ኢት፣ ፕሊስ።"

ሴትየዋ ይቅርታ ጠይቃ የካርዱ ባለቤት ራሷ መናገር እንዳለባት አስረዳች።

"ኪፕ ኢት" አለች ፋናዬ። ድምፅዋ ተቆራረጠ፤ ሴትየዋ አልሰማችም መሰል ደግመው ይበሉልኝ አለቻት። ፋናዬ እንባዋን በዱቄት እጇ እየጠረገች ደግማ አለች። ሴትየዋም እንኳን ደስ አለዎት ብላ ተሰናበተች፤ ለምን እንዳለችው ግን ራሷም የምታውቅ አልመሰለችም።

ስልኩ እንደተዘጋ ሙሉነህ የሻንጣውን ጎማ በጣቱ አሽከርክሮ ሞከረው። ሳይንቋቋ ዞረ። ከዚያ ተነሥቶ ቁምሳጥኑን ከፈተና ሱፉን ከነመስቀያው አውጥቶ፣ ዱቄት ካልደረሰበት ወንበር ላይ ሰቀለው።

"ሁለተኛውን ጊዜ እነሱ ካልመጡ እኔ እሄዳለሁ" አለ ፊቱን ሳያዞር። "ምን አለበት።"

"ምንም የለበት" አለች ፋናዬ።

ወደ ጠረጴዛው መጣና ካቻቢቴውን በሽርጧ ጫፍ ጠርጎ አቀበላት።

"ይሄ በእጅ ሻንጣ አያልፍም፣ ይቀሙኛል። ከገብሱ ጋር ክተቺልኝ።"