የጉለይል ስድስቱ ልጆች

ራቢዓ መካ ተወልዳ ያደገች ሴት ናት፤ አያቷ ከወሎ ለሐጅ መጥተው እዚያው ቀሩ። ጅዳ፣ ጉለይል ሰፈር ውስጥ፣ በአንድ አሮጌ ፎቅ ላይ ስድስት የሐበሻ ልጆች ታሳድግ ነበር። የአንዳንዶቹ ወላጆች ሞተዋል፤ የሌሎቹ እናቶች ኢቃማ፣ የመኖሪያ ፈቃድ፣ ሳይኖራቸው ተይዘው ወደ አገር ተባርረዋል። ቤቱ ፈቃድ የለውም፤ ሰፈርተኛው ግን «የልጆች ቤት» ይለዋል።

በ1977 ዓ.ም. እዚያው ጅዳ፣ ሸረፊያ ሰፈር ውስጥ በስውር የሚሰበሰብ የክርስቲያኖች ማኅበር ይህን ቤት በየዓርቡ ሊያገለግል ተነሣ። አገር ቤት ሰው በረሃብ እያለቀ እኛ እዚህ ምን እየሠራን ነው የሚለው ሐሳብ እረፍት ነስቷቸው ነበር። የማኅበሩ መሪ ወርቁ የአውሮፕላን ጥገና ባለሙያ ነው፤ ባለቤቱ ሙሉወርቅ ነርስ ናት። እኔ ተማም ሙስሊም ነኝ፤ ከወርቁ ጋር አንድ ቦታ ስለምንሠራና ፒክአፕ ስላለኝ አመላልሳቸው ነበር።

ራቢዓ ገና ከመጀመሪያው ስብከት እንደማትፈልግ ነገረቻቸው፤ እነሱም ቃላቸውን ጠበቁ። ወንዶቹ የሚያፈስሰውን ቧንቧ ጠገኑ፣ ግድግዳውን ቀለም ቀቡ፤ ሙሉወርቅ የልጆቹን ዓይንና ጆሮ አከመች። ይህን ያህል በደንብ የያዘው ሥራ የተበላሸው በአንዲት ልጅ ሳል ነው።

ከሚሪያ ዐሥር ዓመቷ ነበር። እናቷ ከወሎ መጥታ ጅዳ ዳርቻ ኦብሑር በሰው ቤት ስትሠራ ታማ ሞተች፤ ከሚሪያና የአራት ዓመት ወንድሟ ዑስማን ራቢዓ ዘንድ ቀሩ። ሙሉወርቅ የከሚሪያን ደረት ለማዳመጥ ቀሚሷን ገለጥ ስታደርግ አንገቷ ላይ የታሰረ ጥቁር ክር አየች። ማተብ ነው። እናትየዋ ክርስቲያን፣ አባትየው ሙስሊም ነበሩ፤ ሴቷ የእናቷን፣ ወንዱ የአባቱን እምነት ይዘዋል። በወሎ ይህ ለማንም እንግዳ ነገር አይደለም። ለማኅበሩ ግን እንግዳ ሆነ።

በሚቀጥለው ዓርብ ወርቁ ልጅቷን አጠገቡ አስቀምጦ የክርስትና ስሟን ጠየቃት።

«እናቴ ለማንም አትንገሪ ብላኛለች» አለችው።

ወርቁ ክፉ ሰው አይደለም። ማኅበሩ ውስጥ ልጅ የሌላቸው ባልና ሚስት እንዳሉ፣ ከሚሪያን እንደ ልጃቸው እንደሚያሳድጓትና ትምህርት ቤት እንደሚያስገቧት ለራቢዓ በትሕትና አስረዳ። ራቢዓ ወንድሟስ ብላ ጠየቀች።

«እሱማ ሙስሊም ነው። እሱ የእናንተ ነው።»

«የእናንተ፣ የእኛ እያልክ ቅርጫ አደረግካቸው?» አለች ራቢዓ።

ከሚሪያ ዑስማን ያለ እሷ እንቅልፍ እንደማይወስደው፣ እሷም ከዚህ ቤት ንቅንቅ እንደማትል ተናገረች። ራቢዓ በሩን ከፈተችላቸው። «ኸላስ፤ ሁለተኛ እንዳትመጡ» አለች።

በዚያው ሰሞን የፎቁ ባለቤት ሊያፈርሰው ስለሆነ እንድትለቅ አስታወቃት። ወንድሟ አብዱልመጂድ መካ ውስጥ ለሐጃጆች ቤት ያከራያል፤ የምድር ቤቱን በነፃ ሊሰጣት ፈቀደ። ሌላ መሄጃ አልነበራትም፤ የከሚሪያን ማተብ ግን አልነገረችውም። የጉለይሉን ቁልፍ መለሰች፤ እኔም አንድ ዓርብ ጠዋት ልጆቹንና ፍራሾቹን ፒክአፑ ላይ ጫንኩ። አብዱልመጂድ ሊወስደን መጥቶ ስለነበር እሱና ራቢዓ ከእኔ ጋር ጋቢና ገቡ።

ሙስሊም ያልሆነ ሰው ከማያልፍበት የመካ መግቢያ ኬላ ሳንደርስ ልጆቹን ውሃ ጠማቸውና ቆምን። አብዱልመጂድ ለሁሉም ሚሪንዳ ገዛላቸው። ከሚሪያ ፊቷን ልትታጠብ ጎንበስ ስትል ክሩን አየው።

«ይቺ ልጅ ነስራኒ ናት?» ብሎ እህቱን ጠየቃት።

«እናቷ ነበረች።»

«ይሄ ክርስ የማን ነው?»

አብዱልመጂድ ልጅቷ ፊት ቁጢጥ ብሎ፣ ክሩን ብታወልቀውና ሸሃዳ ይዛ ብትሰልም ቤቱ ቤቷ እንደሚሆን በለሰለሰ ድምፅ ነገራት።

«እናቴ ናት ያሰረችልኝ። እጅህን እንዳታስጠጋ» አለችው። ከዚያ ዑስማንን ከመኪናው ላይ አወረደችና መንገዱ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። «እናንተ ሂዱ። እኛ እዚህ ነን።»

አብዱልመጂድ ብድግ ብሎ ወደ እህቱ ዞረ። «ሐረሙ የአላህ ምድር ነው፣ የእኔ አይደለም፣ ራቢዓ። የእኔ ቢሆን አስገባት ነበር። አላህን ልዋሽ?»

«እኔም አልዋሸውም። ልቧ ሳይፈቅድ ምላሷን አስገድጄ ምን ብዬ ነው ፊቱ የምቆመው?»

«እንግዲያውስ አምስቱን ይዘሽ ግቢ። እሷን ለሰዎቿ መልሻት።»

«ሰዎቿ እኛ ነን። ስድስቱም ካልገቡ አንዳቸውም አይገቡም።»

አብዱልመጂድ እንደማትመለስ ሲገባው ወደ መካ የሚያልፍ መኪና አስቁሞ ሄደ። አልፈርድበትም፤ ያመነበትን ነው ያደረገው። እኛ ግን ስድስት ልጆችና አንድ ጭነት ፍራሽ ይዘን አስፋልት ዳር ቀረን።

ወዴት ልንዳ አልኳት።

«ሸረፊያ። ወርቁ ቤት።»

ዛሬ ማኅበር ላይ ናቸው፣ በር ሲንኳኳ ይደነግጣሉ አልኳት።

«ሳይደነግጡ የሚከፍቱበት ቀን አለ እንዴ? ያላ፣ ንዳ።»

ከሰዓት በኋላ፣ ዐስር ሶላት አልፎ ደረስን። ደረጃውን ስንወጣ ከውስጥ ዝቅ ያለ የጸሎት ድምፅ ይሰማ ነበር፤ ስናንኳኳ ጸጥ አለ። ወርቁ በሩን ገርበብ አድርጎ አየንና እዚያው ቆመ።

«አንዷን ፈልጋችሁ ነበር» አለችው ራቢዓ። «ስድስቱንም አምጥቻለሁ። ቤት እስካገኝ እዚህ ናቸው። አይሆንም ካልክ ስድስቱም ይመለሳሉ፤ መርጠህ የምታስቀራት የለችም።»

ወርቁ ጎረቤት እንደሚጠረጥር፣ ፖሊስ ቢመጣ ማኅበርተኛው ሁሉ ተጠርዞ አገር ቤት ደርግ እጅ ላይ እንደሚወድቅ በሹክሹክታ አስረዳት። የተናገረው እውነት ነበር፤ ከውስጥ ከነበሩት መካከል ቢመለሱ እስር የሚጠብቃቸው ሰዎች ነበሩ።

«እኔንም ያስሩኛል» አለች ራቢዓ። «ስለ ፈራሁ በሬን የዘጋሁበት ልጅ ግን የለም። አንተ ዝጋው እንግዲህ፤ እያየሁህ ዝጋው።»

ወርቁ አልዘጋውም፤ አልከፈተውምም። ሙሉወርቅ ነጠላዋን እንዳጣፋች ከኋላው መጣች። «ገለል በልልኝ፣ ወርቁ» አለችው። አልፋው ወጥታ እኔ የተሸከምኩትን ፍራሽ በአንድ ጫፍ ያዘች።

ልጆቹ ተከታትለው ገቡ። ከሚሪያ ግን የዑስማንን እጅ ይዛ ደረጃው ላይ ቆመች።

«አንገቴን ማንም አይነካኝም?» አለቻት ሙሉወርቅን።

«ማንም።»

«ዑስማን ሲሰግድ የሚስቅበትስ?»

«የለም» አለች ሙሉወርቅ።

ከሚሪያ መልሱን ከወርቁም ፈለገች፤ ዓይኗን ከእሱ ላይ አላነሣችም። ወርቁ ከበሩ ዘወር አለና «የለም» አለ።

ዑስማንን ጫማህን አውልቅ አለችው፤ ከዚያ ቀድማው ገባች።