የሱፍ ቅባት አይስማማኝም

መድኃኒት ቤት የወሰደኝ የልጅ ልጄ ብርድ ልብስ ነው። እዚህ በዓለም ደቡብ ጫፍ ብርዱ የሚጠናው በነሐሴ ነው፤ ጣቶቼ በውርጩ ተሰነጣጥቀው፣ ሕፃኑን ባቀፍኩት ቁጥር የብርድ ልብሱን ክር እየሳቡ ይቀሰቅሱታል። ባለፈው ልጄ ብሮኒ፣ «እማ፣ በቃ ስጪኝ» ብላ ተቀበለችኝ። ሰጠኋት። ሊከፋኝ ይገባ ነበር፤ አልከፋኝም። ባሌ ኔቪል ከሞተ ወዲህ የሚከፋኝም የሚያስደስተኝም የለም።

ሻጯ ታሊያ እጄን ገልብጣ አየችና ከንፈሯን መጠጠች።

«እናቴ፣ በዚህ ብርድ ምን እየተቀቡ ነው?»

«ምንም።»

ዕቃውን ደረደረችልኝ። ግሊሰሪን ውሃ ይስባል፣ ሴራማይድ የተሸነቆረውን ቆዳ ይደፍናል፣ ዩሪያ ሻካራውን ያለሰልሳል፤ ቁስል ላይ ግን ያቃጥላል።

«ከላይ ካልተከደነ ውርጩ መልሶ ያደርቅዎታል። ላኖሊን ይጨምሩበት፤ የበግ ሱፍ ቅባት ነው።»

«የሱፍ ቅባት አይስማማኝም።»

«ያሳክክዎታል?»

«አዎ።»

በዚህ በበግ አርቢዎች አገር፣ ማኒዮቶቶ ውስጥ የሚያውቀኝ ሰው ይህን ቢሰማ በሳቅ ይሞታል። ኔቪል በግ ሸላች ነበር። እኔ ደግሞ ዕድሜዬን ሙሉ እሱ የሸለተውን ሱፍ ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ ስመርጥ ኖሬአለሁ። የሰው እጅ በብርድ ሲሰነጠቅ የኛ እጅ የሕፃን ቂጥ ይመስል ነበር፤ ሱፉ ራሱ ይቀባናል። ከቀብሩ በኋላ ሸላቾቹ ለሥራ ቢጠሩኝም አልሄድኩም። የሱፉ ቅባት ሽታ የሱ ሽታ ነው። የሥራ ካኒቴራውን እንኳ አብሬው ቀብሬዋለሁ።

ሴራማይዱን ብቻ ገዛሁ። ቤት ውስጥ ደህና ነው፤ ደጅ ስወጣ ጣቴ እንደገና ይሰነጠቃል። ሻጯ እንዳለችው ክዳን የለውማ።

እሑድ ብሮኒ ሕፃኑን አጥብታ ስታበቃ፣ የቆሰለ ጡቷን ከትንሽ ቱቦ ቀባችና እጄን ያዘች።

«ምንድን ነው እሱ?»

«ላኖሊን።»

«አይስማማኝም!»

«ታሊያ ነግራኛለች፤ እሱን ለማታውቅሽ ለሷ ንገሪያት! እስከ ክርንሽ ተነክረሽበት አይደል እንዴ ያሳደግሽኝ? የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው አሉ! አምጪ እጅሽን።»

ትንፋሼን ያዝኩ። ጣቶቼን አንድ በአንድ አሸችልኝ። አየር ሲያጥረኝ ሳብኩት።

ምንም አይሸትም። ያጠቡት፣ ያጣሩት፣ ሽታውን ያወጡለት ቅባት ነው። እጄን አፍንጫዬ ላይ ለጥፌ ደጋግሜ አሸተትኩ። ይህን ሁሉ ጊዜ የሸሸሁት ሰው እዚያ የለም።

«እማ? ምን ሆንሽ?»

«አባትሽ የለበትም» አልኩ፤ ከቀብሩ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ አለቀስኩ። አመመኝ፤ በደንብ አመመኝ።

ብሮኒ ልጁን አሳቀፈችኝ። ጣቴ በብርድ ልብሱ ላይ ተንሸራተተ፤ አንድም ክር አልሳበም። ሕፃኑም አልነቃም።

አፍንጫዬን በእጄ ጀርባ ጠረግኩ።

«ሸላቾቹ ነገ የማን ቤት ናቸው?» አልኳት።