የዱንካን ቀኝ እጅ

ሌስተር ሆኪንግ ለንደን ሄዶ ትልቅ የቴአትር ሰው እንደሚሆን በነገራት ጊዜ ቨርና ትሬሎር ብብቱ ስር ተወሽቃ ነበር። ፍቅር እንዳይመስላችሁ፤ ሥራቸው ነው። አደሌይድ ከተማ ውስጥ ጠዋት ጠዋት በሚተላለፈው የልጆች ፕሮግራም ላይ ዱንካን የሚባል ዎምባት አለ፤ ያን ጉድጓድ ቆፋሪ ወፍራም አውሬ አስመስለው ከስፖንጅና ከቡናማ ጸጉራም ጨርቅ የሰፉት አሻንጉሊት። ጭንቅላቱንና ግራ እጁን የሚይዘው፣ ድምፁንም የሚያወጣው ሌስተር ነው። ቀኝ እጁ የቨርና ነው። ሁለቱም ከጠረጴዛ በታች ተደብቀው፣ ክንዳቸውን ወደ ላይ ሰቅለው፣ ዓይናቸውን መሬት ላይ በተቀመጠች ትንሽ ቴሌቪዥን ላይ ተክለው ይውላሉ። ስለዚህ ቨርና ከባሏ ላብ ይልቅ የሌስተርን ላብ አብጠርጥራ ታውቃለች። ባሏ ቢያንስ ይታጠባል።

"እዚህ ጨርቅ ውስጥ ተቀብሬ አልቀርም" አላት ሌስተር፣ ካሜራው ወደ ዘፋኟ ሲዞር ጠብቆ። "እኔ እኮ ተዋናይ ነኝ።"

"ክንድህን ከፍ አድርግ። ዱንካን አገጩን ጠረጴዛው ላይ ጥሏል።"

"ያለ እኔ ምን ይውጣችኋል ብዬ ነው የምጨነቀው።"

"አትጨነቅ" አለችው።

ለሌስተር ያላት ንቀት ትናንት የበቀለ አልነበረም። ሰውዬው ሥጋ ቤት ተሰልፎ ሳለ ድንገት በዱንካን ድምፅ ማውራት ይጀምራል፤ ዞር ብሎ የሚያየው ሰው ካጣ ድምፁን ከፍ ያደርጋል። የታመሙ ልጆች ሊጠይቁ ሆስፒታል የሄዱ ዕለት፣ በሩ ላይ መጀመሪያ የጠየቀው "ፎቶ አንሺው የት አለ?" ብሎ ነው። ሕፃን አልጋ አጠገብ ሲቀመጥ ወንበሩን ራቅ ያደርግ ነበር፤ እንዳይተላለፍበት። መንገድ ላይ ሰው ሁሉ "ዱንካን፣ ዱንካን" እያለ ሲከተለው እንደ ቆቅ አንገቱን ያሰግጋል። ቨርናን ማንም ምንም ብሎ ጠርቷት አያውቅም።

እሷ ግን ራሷንም አትምርም ነበር። እንዲህ ያለ ሰው አንዳንዴ "ዛሬ ጎበዝ ነበርሽ" ሲላት ልቧ እንደ ቡችላ ጭራ ይወዛወዛል። ያን ጊዜ ከእሱ ይልቅ ራሷን ትንቃለች።

ማንም የማያውቀው አንድ ነገር ነበራት። ዱንካን ግራ ሲገባው ሆዱን በቀኝ እጁ ቀስ እያለ ያካል። ይህን ያመጣችው እሷ ናት፤ ማንም አላዘዛት። ዛሬ በዚያ ከተማ ግራ የገባው ልጅ ሁሉ ሆዱን ያካል። አውቶቡስ ላይ ሲያኩ ታያቸውና ፊቷን ወደ መስኮት ታዞራለች።

ሌስተር ሄደ። ሽኝቱ ላይ ረጅም ንግግር አድርጎ፣ በራሱ ንግግር አለቀሰ። ከዚያ የፕሮግራሙ አዘጋጅ ማርሊን ኖስኪ ቨርናን ቢሮዋ አስጠራቻት። ማርሊን ክፉ ሴት አልነበረችም። ክፉ ለመሆንም ቁርጥ ያለ ሐሳብ ያስፈልጋል።

"ጭንቅላቱን ላንቺ ልሰጥሽ አስቤ ነበር" አለች። "ግን ድምፅሽ የሴት ነው። ዱንካን ደግሞ ወንድ ነው።"

"ዱንካን ስፖንጅ ነው" አለች ቨርና።

"እሱማ ነው። ግን ስም ያለው ሰው ያስፈልገናል የኔ እህት። ራንዳል ኩችን አግኝተናል።"

ራንዳል ኩች በሬዲዮ በሰው እየቀለደ የሚኖር ሰው ነው። ሽቶ ተነክሮ መጣ። አሻንጉሊቱን እንደ ማብሰያ ጓንት አጠለቀውና "በቃ፣ ይኸው ነው?" አለ። ዱንካን ከዚያ ቀን ጀምሮ ጣሪያ ጣሪያ ማየት ያዘ፤ ቤቱ የሚያፈስበት ይመስል። ቃሉ ሲያልቅ አፉ ይከፈታል፣ ቃሉ ሲጀመር ይዘጋል። ቨርና መሬት ላይ ያለችውን ቴሌቪዥን እንዲያይ ብትነግረው ሳቀባት።

"ልጆች ምን ያውቃሉ?" አላት። "እነሱ ካልሲ ቢያወራላቸውም ያጨበጭባሉ።"

እናቶች ግን ስልክ መደወል ጀመሩ። ዱንካን ታሟል ወይ፣ ልጄ እያለቀሰች ነው ይላሉ። ማርሊን "ይለምዱታል" እያለች ትመልሳለች። ቨርና ሥራውን ጥላ አልወጣችም። ክንዷ ሌላ ሙያ አያውቅም። ደግሞም ዱንካንን ከሁለት እጁ አንዱ እንኳ ጤነኛ ሳይሆን ጥሎ መሄድ፣ ሰካራም አጠገብ ሕፃን ትቶ እንደ መሄድ ሆነባት።

ገና ሲቃረብ፣ የበጋው ሐሩር በበረታበት ሰሞን፣ ሌስተር ተመለሰ። የለንደን እርጥበት ጉሮሮዬን ጎዳው አለ። የፕሮግራሙ የድምፅ ባለሙያ እህት ግን እዚያው ለንደን ነበረችና ያየችውን ጽፋለች፦ ሌስተር በአንድ ትልቅ መደብር ምድር ቤት ቆሞ የካሮት መፋቂያ ያስተዋውቅ ነበር። ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ ይላል፤ እሱን ካሮት ላጥ አሉት።

የገና ፕሮግራሙ በቀጥታ የሚተላለፈው ከወንዙ ዳር ካለው መናፈሻ ነበር። ልጆቹ ሣሩ ላይ ተኮልኩለዋል፤ እናቶች በባርኔጣቸው ያራግባሉ። ከመድረኩ ጠረጴዛ በታች ያለው ሙቀት የዳቦ ምድጃ ነው። ራንዳል ሲጠጣ አድሮ መጥቶ፣ የዱንካንን ጭንቅላት አጥልቆ ጥቂት እንደቆየ ፊቱ አመድ መሰለ። ከዚያ እየዳኸ ወጥቶ ቁጥቋጦ ሥር አስመለሰ። ሊጀመር የቀረው አንድ ዘፈን ብቻ ነበር።

ማርሊን በድንጋጤ ዙሪያዋን ስትቃኝ ሌስተርን አየችው። እንዲያው በአጋጣሚ በዚያ ያለፈ መስሎ፣ ነጭ ኮት ለብሶ፣ ካሜራው ሊይዘው በሚችልበት ቦታ ቆሟል። ገና ሳይጠራ እጅጌውን መጠቅለል ጀመረ።

ቨርና ግን ቀኝ እጇን የዱንካን ጭንቅላት ውስጥ፣ ግራዋን ግራው ውስጥ አስገብታ ጨርሳለች።

"ቀኙ ክፍት ነው" አለች።

"ቨርና፣ ሌስተር አለ እኮ" አለች ማርሊን።

"አየሁት። ቀኙ ክፍት ነው።"

"ይኼ ጨዋታ አይደለም" አለ ሌስተር። "ልጆቹ የሚያውቁት እኔን ነው።"

"እነሱ የሚያውቁት ዱንካንን ነው። ትገባለህ ወይስ ባንድ እጁ ልሥራው?"

ዘፈኑ አለቀ። ሌስተር ልጆቹን አየ፣ ካሜራውን አየ። ካሜራ ባለበት ውጭ መቆም ከአቅሙ በላይ ነበር። ነጭ ኮቱን አውልቆ በጉልበቱ ሄደና ብብቷ ስር ገባ።

"ድምፁን እንኳ እኔ ላውጣው" አለ በሹክሹክታ።

"አንተ እጅ ነህ። እጅ አያወራም።"

ዱንካን ብቅ አለ። ቨርና የሌስተርን ድምፅ ልትኮርጅ አልሞከረችም፤ ከሆዷ ያገኘችውን ጎርናና ድምፅ አወጣች። ጭንቅላቱን ቀስ አድርጋ አዙራ ልጆቹን አንድ በአንድ አየቻቸው። ፊት የተቀመጠች ጥርሷ የወለቀ ልጅ እጇን አወጣች።

"ዱንካን፣ ታመህ ነበር እንዴ?"

"አዎ፣ አንገቴን ይዞኝ ነበር" አለ ዱንካን። "ጣሪያ ጣሪያ ብቻ ነበር የማየው።"

"አሁንስ?"

"አሁን አንቺን አየሁ፤ ተሻለኝ።"

ልጅቷ ረክታ ተቀመጠች። የሌስተር ድምፅ አለመኖሩን አንድም ልጅ አላነሳም። ቨርና ከታች የሌስተር ትንፋሽ ቆም ሲል ሰማች።

ግን ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳ። ብዙም ሳይቆይ ቀኙ እጅ ያለ ነገሩ መወራጨት ጀመረ። ለሕዝቡ ሰላምታ ይሰጣል፣ ብስኩት ያነሳል፣ ዱንካን በሚናገርበት መሃል ዓይኑን ይሸፍነዋል። እዩኝ እዩኝ ነው። ቨርና ደሟ ፈላ። ዱንካን ንግግሩን አቋረጠና፣ ማንነቱን የማያውቀው እንግዳ ምሳ ላይ እንደመጣበት ሰው፣ ቀኝ እጁን ዘወር ብሎ አየው። ከዚያ በግራው መታ አደረገው።

"አንተ እጅ፣ አደብ ግዛ" አለው። "እንግዳ ፊት እንዲህ አይደረግም።"

ልጆቹ በሳቅ ተንከባለሉ። እጁ ደንግጦ ጠረጴዛ ስር ገባ፤ ከዚያ አንድ ጣት ብቅ አለች። እንደገና ተንከባለሉ።

"እያዋረድሽኝ ነው" አለ ሌስተር ከታች።

"ጣቷን መልሳት። ቀስ ብለህ።"

መለሳት። ልጆቹ ጮኹ። ቨርና በዚያ ምድጃ ውስጥ፣ ላቡ ትከሻዋ ላይ እየተንጠባጠበ፣ አንድ የሚያናድድ ነገር ገባት፦ ሰውዬው እጅ ሆኖ ጎበዝ ነው። ይህን ያህል ዓመት ጭንቅላት ሆኖ የማይረባውን ያህል፣ እጅ ሆኖ ይረባል። ባያውቀው ይሻላት ነበር።

ሲያልቅ ሌስተር ከጠረጴዛው ሥር ወጥቶ ነጭ ኮቱን አራገፈና ለተሰበሰበው ሰው ሁሉ "በደንብ ነው ያስተማርኳት" አለ። ቨርና ውኃ ልትጠጣ ሄደች።

ማርሊን ከገና በኋላ ጭንቅላቱን ለቨርና ሰጠች፤ የራሷ ሐሳብ እንደሆነም ለአለቆቿ ነገረች። ራንዳል በሬዲዮው ላይ፣ ጨርቅ ውስጥ መኖር ስለሰለቸኝ ተውኩት ብሎ አወራ። ሌስተር ደግሞ ቀኙን እንዲይዝ ቨርናን ለመናት። ልመናው እንኳ ውለታ የሚውል ሰው ልመና ነበር። "ለፕሮግራሙ ስል" አላት። ተቀበለችው። አዝናለት አይደለም፤ ከእሱ የተሻለ እጅ ስላላገኘች ነው።

ጥቂት ዓመት እንዲህ ሠሩ። ሌስተር ሥጋ ቤት ተሰልፎ በዱንካን ድምፅ ማውራቱን አልተወም፤ ድምፁ ግን የድሮው ነውና ልጆች "ይህ ሰውዬ ማነው?" እያሉ የእናታቸውን ቀሚስ ይጎትታሉ። ኋላ ጣቢያው ከውጭ የሚመጣ ርካሽ ካርቱን ገዝቶ ፕሮግራሙን ዘጋው። ሲድኒ ያለ ሌላ ጣቢያ ቨርናን ጠራት፤ አዲስ አሻንጉሊት፣ አንድ ኮስታራ ፔሊካን፣ ያ ከረጢት ምንቃር ያለው የውኃ ወፍ፣ ሙሉ በሙሉ ለእሷ። ፔሊካን እጅ የለውም።

ሌስተር ምንጣፍ ለሚሸጥ ድርጅት የሚናገር ምንጣፍ ሆኖ በማስታወቂያ ሊሠራ አመልክቶ ነበርና፣ ስለ እሱ የሚጠይቋት ሰዎች ሊደውሉ እንደሚችሉ ነገራት።

"ጥሩ ነገር ንገሪያቸው" አላት።

ደወሉ። ቨርና ስልኩን አነሳች።

"በሰዓቱ ይመጣል" አለቻቸው።

ስልኩንም ዘጋች። ሥራውን አገኘ፤ እስከ ዛሬም ለሚያገኘው ሰው ሁሉ፣ ሚናው ለትወና ሰፊ ቦታ እንዳለው ያስረዳል።