የቡርጊ እግር ልክ

ኮርቢኒያን ዓይኑ የጠፋው በሃያ ሁለት ዓመቱ ነው፤ በበረዶ ላይ መንሸራተቱን፣ ስኪውን፣ ያቆመው ግን በአርባ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። በመካከል ያሉትን ሃያ ሰባት ክረምቶች እንደ ማንኛውም የተራራማው ቲሮል ልጅ በረዶ ላይ አሳልፏቸዋል። እንዴት ቢባል፣ ቤተሰቡ በአጭሩ ቡርጊ የሚላት ታላቅ እህቱ ኖትቡርጋ ከፊት ከፊቱ እየተንሸራተተች መንገዱን ትጠራለት ስለነበር ነው። «ግራ… ረጅም ቀኝ… ጉብታ… አሁን ልቀቀው» ትላለች፤ እሱም ድምፅዋን ተከትሎ ይወርዳል። ሌላ ሰው እንዲመራው ሁለት ጊዜ ተሞክሮ ሁለቱንም ጊዜ ከግማሽ መንገድ በገመድ ተንጠልጥሎ በሚሄደው መኪና ተመልሷል። ምክንያቱን ሲጠይቁት፣ የሚከተለው ቃሉን ሳይሆን የቡርጊን እስትንፋስ እንደሆነ ይናገር ነበር።

ነገሩን ያበላሸው ግንድ ነው። ቡርጊ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሾፌር ናት። አንድ ጥቅምት ላይ ለክረምት የሚሆን እንጨት ስታራግፍ ግንድ ተንከባሎ የቀኝ ቁርጭምጭሚቷን ሰበረው። አጥንቱ በብሎን ተያይዞ ገጠመ፤ መራመዱንም መንዳቱንም ቻለች። የስኪ ጫማ ውስጥ ሲገባ ግን ያ እግር የእሷ መሆኑ ቀረ። አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ይደነዝዛል፤ ከዚያ እንደ ፍም ያቃጥላታል።

ሱቅ ለሱቅ ዞረች። አንዱ ሰፋ ያለ ጫማ ሸጠላት፤ ባሰባት። ሁለተኛው ከዚያም የሰፋ ሰጣት፤ ይባስ ብሎ መቆም አቃታት። ሦስተኛው እግሯን አየት አደረገና፣ ከሃምሳ ዓመት ዕድሜ በኋላ እንዲህ ያለ ሕመም የተለመደ እንደሆነ በትሕትና ነግሮ ሸኛት። ቡርጊ ያኔ ሃምሳ አንድ ዓመቷ ነበር።

እሷ ግን ጥርሷን ነክሳ ወንድሟን መምራቷን ቀጠለች። በዚያው ክረምት አንድ ቀን፣ ጠባብ መታጠፊያ ላይ፣ ሕመሙ እንደ መብረቅ ወደ ጉልበቷ ወጣና «ግራ» የሚለው ቃል ጉሮሮዋ ላይ ቀረ። ኮርቢኒያን ቀጥ ብሎ የእንጨት አጥር ውስጥ ገባ። ሁለት የጎን አጥንቱ ተሰበረ። እሱ ሆስፒታል ተኝቶ በራሱ ላይ ሲቀልድ እሷ አንገቷን ደፍታ ተቀመጠች። ቤት ስትመለስ የሁለቱንም መንሸራተቻ ስኪ ከላሞቹ በረት ጣሪያ ሥር ሰቀለችው። ሁለት ክረምት ማንም አልነካውም።

ኮርቢኒያን የሚሠራው ከተማው ውስጥ ባለ የማገገሚያ ሕክምና ቤት ነው፤ የታመመ ጀርባና እግር ያሻል። በሦስተኛው ክረምት፣ ጥር ላይ፣ ኤርሃርድ የሚባል ሰው ወገቡን ታሞ መጣ። ይህ ሰው አርባ ዓመት ሙሉ የስኪ ጫማ አጥልቆ ተራራ ላይ የተጎዱ ሰዎችን ሲያወርድ የኖረ ነው። ኮርቢኒያን ከወገቡ ጀምሮ እየወረደ እግሩ ጋ ሲደርስ እጁን አቆመ። የእንዲህ ያለ ሰው እግር እንደሚያውቀው ከሆነ የጠጠረ ቆዳ፣ ያበጠ አጥንትና የሞተ ጥፍር ነበር መያዝ ያለበት። የያዘው ግን ለስላሳ ነው። ሌላውንም እግር ዳሰሰ፤ ያም ያው ነው።

«ጌታው፣ እነዚህ እግሮች የእርስዎ ናቸው?» አለ።

ሰውየው ሳቀ። ከዚያም ስለ ወይዘሮ ሮስቪታ ነገረው። ከወዲያኛው ሸለቆ መጨረሻ፣ አውቶቡሱ ዞሮ ከሚመለስበት ቦታ፣ ከድልድዩ ማዶ ሁለተኛው ቤት ነው የምትኖረው። ጫማ አትሸጥም፤ ጫማን ከእግር ታስታርቃለች እንጂ።

ቡርጊን ማሳመኑ ግን ቀላል አልነበረም።

«አራተኛ ሰው እግሬን አገላብጦ እንዲያዝንልኝ አልፈልግም» አለችው።

«ይቺ አታዝንልሽም፤ ክፉ ናት አሉ።»

«እንግዲያው ምን ልሠራ እሄዳለሁ?»

«ስሚኝ ቡርጊ። ሰው ሁሉ ያየሽ በዓይኑ ነው። እኔ የዚያን ሰውዬ እግር በእጄ ይዣለሁ። እጄ ደግሞ ተታሎ አያውቅም።»

ቅዳሜ ጠዋት ቡርጊ ከሱቅ የገዛችውን ሰፊ የስኪ ጫማ ከረጢት ውስጥ ከትታ በሩ ላይ ቆማ ጠበቀችው።

ወይዘሮ ሮስቪታ ሰባ ዓመት ያለፋት፣ አጭር፣ መዳፈ ሰፊ ሴት ነበረች። ቤቷ ውስጥ ማስቲሽ ማስቲሽ ይሸታል፤ መደርደሪያው ላይ ከጀሶ የተቀረጹ የሰው እግሮች ተደርድረዋል። ከረጢቱን ዞር ብላም አላየችው። ቡርጊን ካልሲዋን አስወልቃ ክፍሉን ከጫፍ ጫፍ በባዶ እግሯ አስኬደቻት፤ አስመለሰቻት፤ በአንድ እግር አስቆመቻት። ግንዱ በየት በኩል እንደወደቀ፣ ብሎኑ የት እንዳለ፣ ሕመሙ ከየት ጀምሮ ወዴት እንደሚሄድ አንድ በአንድ ጠየቀቻት። እግሯ ከተሰበረ ወዲህ ይህን የጠየቃት ሰው አልነበረም።

ቀጥሎ ተረከዟን ሳታነሳ ጉልበቷን ወደ ፊት እንድታጥፍ አዘዘቻት። የግራው ጉልበት ከአውራ ጣቷ አለፈ። የቀኙ ገና ሳይጀምር ቆመ። አሮጊቷ «እህ» አለችና «አሁን ጫማውን አውጪ» አለቻት። ለስላሳውን ገበር መዝዛ አወጣች፤ የቡርጊን ባዶ እግር በቀረው ጠንካራ የፕላስቲክ ቅርፊት ውስጥ አስገብታ ከተረከዟ ኋላ ያለውን ክፍተት በጣቷ ለካችው።

«አንድ ጣት ተኩል ነበር መግባት ያለበት። እኔ ሦስት ጣቴን አስገብቻለሁ። ይኼ ጫማ አይደለም፤ ባልዲ ነው።»

«ግን እየጠበበኝ እኮ ነው…» አለች ቡርጊ።

«አልጠበበሽም ልጄ። ቁርጭምጭሚትሽ ወደ ፊት መታጠፍ ትቷል። ጫማው ግን በግድ ያጥፍሻል። ያን ጊዜ ተረከዝሽ ይነሳል። አንቺ ደግሞ እንዳይነሳ ብለሽ ዘለበቱን እስከ መጨረሻው ታጠብቂያለሽ፤ እግርሽን አንቀሽ ትይዥዋለሽ። ጫማው በሰፋ ቁጥር ማነቁ ይብሳል።»

ቡርጊ ድምፅዋን ቀና አድርጋ፣ «እንግዲያው እርጅና አይደለም?» አለች።

«እርጅናው እኔ ጋ ነው ያለው። ተቀመጪ።»

ሥራው አንድ ቀን አልፈጀም። ወይዘሮ ሮስቪታ በሁለት ቁጥር ያነሰ ጫማ አስመጣች። የቀኙን ተረከዝ ከፍ የሚያደርግ ሽብልቅ ከሥር አስገባች፤ የእግሯን ቅርጽ ወስዳ የውስጥ መረገጫ ሠራችላት። ሲያልቅ ቡርጊ ዘለበቱን እንደ ልማዷ ልትጎትት ስትል አሮጊቷ እጇን ቸብ አደረገቻት። በሁለት ጣት ብቻ ትዘጊዋለሽ አለቻት። ከዚያም አስጠነቀቀቻት፦ የሆነ ቦታ ይፈገፍግሻል፤ የሚፈገፍግሽ ቀን ቅባት ሳትቀቢ፣ ቅላቱ ሳይጠፋ መጥተሽ አሳዪኝ።

እንዳለችውም ሆነ። ቡርጊ ብቻዋን ዝቅተኛው ዳገት ላይ ግማሽ ቀን ተንሸራተተች። ማቃጠሉ የለም፤ መደንዘዙም የለም፤ ብሎኑ ያለበት አጥንት ብቻ ተፋቀ። ልቧ ወዲያው ወደ ድሮው ተስፋ መቁረጥ ሊመለስ ዳዳው፤ ሆኖም ጫማዋን አውልቃ በቀጥታ አውቶቡስ ላይ ወጣች። ወይዘሮ ሮስቪታ ቅላቱን አይታ ደስ አላት። ከመሳቢያዋ አሮጌ የከንፈር ቀለም አውጥታ አጥንቱ ላይ ያለውን ቆዳ ቀባችና የቡርጊን እግር ባዶው ፕላስቲክ ውስጥ አስገባች። እግሩ ሲወጣ ቀይ ነጠብጣብ ፕላስቲኩ ላይ ቀርቷል። ያንን ቦታ በሙቅ አየር አለሰለሰችው፤ በብረት መጫኛ ወደ ውጭ ገፋችው፤ እስኪቀዘቅዝም ይዛ ቆየች።

በማግስቱ ቡርጊና ኮርቢኒያን አብረው ወጡ። አሥር ጊዜ ያህል እንደታጠፉ ወንድምየው ድንገት ቆመ። ቡርጊ ደንግጣ ምን እንደሆነ ጠየቀችው።

«ምንም» አለ ኮርቢኒያን። «እግርሽ ከተሰበረ ወዲህ ስትጠሪልኝ ትንፋሽሽን ይዘሽ ነበር። ዛሬ ለቅቀሽዋል።»

የካቲትን በሙሉ ከሥራ በኋላ ተራራው ላይ አመሹ። በመጋቢት የመንደሩ ዓመታዊ ውድድር ነበር፤ ከላይኛው ማረፊያ ቤት እስከ ታችኛው ሜዳ፣ ሽማግሌው ጎልማሳው ሳይለይ ሁሉም በየተራው በሰዓት እየተለካ ይወርዳል። ወተት ፋብሪካ የሚሠራው የአጎታቸው ልጅ ቬንደሊን መነሻው ላይ ሲያያቸው ሳቅ አለ።

«ቡርጊ፣ ታች ሜዳው ላይ ሾርባ ልትቀጂ የመጣሽ መስሎኝ፤ መንገድ ተሳስተሻል እንዴ?»

«አንተ ቅደምና ማንኪያ ያዝልኝ» አለችው።

ቬንደሊን ወረደ፤ በጥሩ ሰዓት ገባ። ተራው የእነሱ ሆነ። ቡርጊ በጀርባዋ የያዘችውን ትንሽ ድምፅ ማጉያ ከፈተች። ቀኝ፣ አለች። ግራ። የመጀመሪያው ቀጥ ያለ ቁልቁለት ላይ ፍጥነቷን መቀነስ ለምዳ ነበር፤ አሁን ግን ጫማው እግሯን ከተረከዝ እስከ ቅልጥም አጥብቆ ሳይሆን አቅፎ ይዟታል፤ ያሰበችው ሁሉ ሳይዘገይ ስኪው ጋ ይደርሳል። «ልቀቀው» አለችው። ኮርቢኒያን ለቀቀው። ከኋላዋ የስኪው ፉጨት ሲቀርብ ሰማች፤ እሷም ጨመረች። የጥዶቹን ጥግ አልፈው ሜዳው ላይ ሲወጡ ኮርቢኒያን እየጮኸ ይስቅ ነበር፤ እሷም መንገዱን በሳቅ መካከል ነበር የምትጠራለት።

ሁሉም ወርዶ ሲያልቅ መጨረሻው መስመር ላይ ሰዓቱ ተነበበ። ከስልሳ ሁለት ተወዳዳሪዎች አሥራ አንደኛ ወጡ። ቬንደሊንን በአራት ሰከንድ ቀድመውታል። ሕዝቡ በስኪው በረዶውን እየደበደበ ጮኸ፤ ቬንደሊን ራሱ መጥቶ ሁለቱንም አቀፋቸውና፣ በእውሩ ነው ወይስ በአንካሳዋ ተሸነፍኩ ብዬ ለሚስቴ የምነግራት ብሎ አሳቃቸው።

ከዚያ ሁሉም ረጅሙ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጦ የገብስ ሾርባ ይጠጣ ጀመር። እንደ ደንቡ መጀመሪያ የተሰማው የዘለበት መፈታት ነው፤ ሰው ሁሉ ጫማውን እየከፈተ «እፎይ» ይላል። ቡርጊ ጫማዋን እንደዘጋች ሁለት ሳህን ሾርባ ጠጣች። ኮርቢኒያን ወደ ላይ የሚያወጣው የገመድ መኪና ስንት ሰዓት እንደሚቆም ጠየቃት። ገና ግማሽ ሰዓት ነበረው። ማንኪያዋን አስቀመጠችና ስኪያቸውን ልታነሳ ብድግ አለች።