ጥጃ የተሳፈረባት ቅጥቅጥ

ነዚፍ ሚስቱ ሱመይራ ከሞተች ወዲህ ቤቱ ውስጥ አድሮ አያውቅም። ሲነጋ ይገባል፣ ይታጠባል፣ ልብሱን ይቀይራል። ሲመሽ ግን በሩን ቆልፎ ግቢው ውስጥ ወደቆመችው ቅጥቅጥ አውቶቡሱ ይወጣል። ከዲላ ይርጋጨፌ፣ ከይርጋጨፌ ገደብ ስትመላለስ ያረጀች መኪና ናት። ከቀብሩ በኋላ ከመስመር አወጣት። የኋላ ወንበሮቿን ፈትቶ ፍራሽ ዘረጋ፣ ከሾፌሩ ወንበር ጀርባ ትንሽዬ ቡታጋዝ አስቀመጠ፣ ሱመይራ ለሳሎን ያሰፋችውን መጋረጃ ቆርጦ በመስኮቶቹ ላይ ሰቀለ። ለምን እዚያ እንደሚያድር ሲጠይቁት ሌባ እየጠበቅሁ ነው ይላል። ጎማዋ ያለቀ መኪና ምን ሌባ ይፈልጋታል ያለው ሰው ግን የለም። ሐዘንተኛን ማን ይመረምራል?

መንደሩ ከይርጋጨፌ ወደ ገደብ ሲወጣ ከአስፋልቱ ገባ ብሎ ተዳፋት ላይ የተሰቀለ ነው። ቡናው ከእንሰቱ ጋር ተቃቅፎ የበቀለበት፣ ከበላዩ ኮረብታ የተጫነው መንደር። የነዚፍ አባት ከስልጤ ጨርቅ ጭነው መጥተው እዚያው ሱቅ ከፍተው፣ እዚያው አርጅተው የተቀበሩ ነጋዴ ነበሩ። የእሱ ልጆች ግን አልቆዩም። ሚክዳድ አዲስ አበባ ገባ፣ ሒባ ሐዋሳ አገባች። ሁለቱም ይደውላሉ፤ ሁለቱንም ደህና ነኝ ይላቸዋል።

በአጥር የምትዋሰነው ጎረቤቱ እትዬ ብዙነሽ ናት። ሰባ ዓመት የተጠጋት፣ ባሏን ቀደም ብላ የቀበረች የጌዴኦ ሴት ናት። ከሱመይራ ጋር እህትማማች ነበሩ ማለት ይቻላል። በበዓል ሳህን ይለዋወጡ ነበር፣ በአጥሩ ቀዳዳ ችግኝ ይቀባበሉ ነበር። ሱመይራ ከሞተች በኋላ ነዚፍ ከአጥሩ ማዶ ሰላምታ ከመስጠት በቀር አንድ ቀን እንኳ ደጇን አልረገጠም። ተጣልተው አይደለም። እሷን ሲያይ አጠገቧ የጎደለችው ሴት ትታየዋለች፤ ይህንን ነው የሸሸው።

በዚያ ዓመት ግንቦት ሰማዩ ተቀዶ ቀረ። ቀን ይዘንባል፣ ማታ ይዘንባል። የታጠበ ልብስ ሳይደርቅ ይሻግታል፣ የጎጆው ክዳን ውሃ ጠጥቶ ይከብዳል። አንድ ጠዋት ቡናውን ሊያርም ኮረብታው ላይ የወጣ ገበሬ መሬቱ እንደ ዳቦ ተሰንጥቆ አየ። ክንዱን ቢያስገባ ጫፉ ጋ አልደረሰም። ከወረዳ ሰዎች መጥተው አዩትና ፊታቸው ጠቁሮ ወረዱ። ከሰዓት በኋላ የቀበሌው ሊቀመንበር ድምፅ ማጉያ ይዞ በየደጁ እየዞረ፣ ከኮረብታው ሥር ያለ ሁሉ ሳይመሽ እንዲወጣ፣ በገደብ መዳረሻ ከፍታው ላይ ባለው ሜዳና ትምህርት ቤት እንዲሰፍር አዘዘ።

ነዚፍ ማንም ሳይጠይቀው ከቅጥቅጧ ላይ ሸራውን ገፈፈ። ባትሪዋ ሞቶ ነበር። ጎረምሶች ተሰብስበው ቁልቁል ገፏት። አጉረምርማ ዝም አለች፣ ደግሞ ገፏት፣ ጥቁር ጭስ ተፍታ ተነሳች። ሕፃን ያዘለች፣ ፍራሽ የተሸከመ፣ ቴሌቪዥኑን በብርድ ልብስ የጠቀለለ፣ ዶሮዎቹን በእግራቸው ያንጠለጠለ፣ ሁሉም ተሳፈረ። ጣሪያዋ ላይ ያለው ፖርቶመጋላ እስኪያዘነብል ተጫነ። መንገዱ ጭቃ ነው፣ ዝናብ መጥረጊያው የሚሠራው በአንድ በኩል ብቻ ነው፤ ነዚፍ ግን መሪውን ሲጨብጥ እጁ ምንም አልረሳም ነበር። ከኋላው ልጅ ያለቅሳል፣ ሰው ይጣራል፣ ሰው ይጸልያል። ያን ያህል ድምፅ ከጀርባው ከሰማ ቆይቷል። አውርዷቸው ባዶዋን ይዞ ሲመለስ ዝምታው ጆሮው ላይ ጮኸበት።

ለመጨረሻ ጊዜ ሲመለስ መንደሩ ውስጥ የቀረችው ብዙነሽ ብቻ ነበረች። ደጇ ላይ ነጠላዋን አጣፍታ ተቀምጣለች። አጠገቧ ገና ከተወለደ ሳምንቱ የሆነ ጥጃ እየተንቀጠቀጠ ቆሟል። ላሟን ዘመዶቿ በእግር ነድተው ወደ ከፍታው ወስደውላታል። ጥጃው ግን ያንን ጭቃ አይወጣም።

«እትዬ ብዙነሽ፣ ይነሱ እንጂ። ይመሻል» አላት።

«ይሄ ልጅ እግሩ አልጠናም» አለች። «እሱን ትቼ አልሄድም። አንተ ሂድ።»

ነዚፍ ኮረብታውን አየ። ጉም ወርዶበት ጫፉ አይታይም። ሊለምናት ፈለገ፣ ሊቆጣም ፈለገ። ከዚያ ጥጃውን እንደ በግ አንስቶ ታቅፎ ወደ ቅጥቅጧ ገባና ፍራሹ ላይ አስተኛው። ብዙነሽ በዝግታ ተነሳች፣ በሯን በገመድ አሰረች፣ አንድ ጥቅል ቆጮ በኮባ ይዛ ከኋላው ተሳፈረች።

ከፍታው ላይ ሲደርሱ ሰዉ ሁሉ መበታተን ጀምሮ ነበር። ዘመድ ያለው ወደ ዘመዱ ሄደ፤ ጌዴኦ ዘመድ አያጣም። የሌለው ትምህርት ቤት ገባ። ነዚፍን ብዙዎች እኛ ጋ እደር አሉት፤ መኪናዬን የት ልጥላት ብሎ አመለጣቸው። ብዙነሽም ዘመዶች ነበሯት። እሷ ግን የሰው ቤት ውስጥ ከነጥጃዬ ተጣብቄ አላድርም አለች። ትምህርት ቤቱም ከብት አያስገባም። ላሟ ከቅጥቅጧ ኋላ ሸራ ተወጥሮላት ታሰረች፣ ጥጃው ውስጥ ቀረ፣ ብዙነሽም ከጥጃው ጋር ቀረች። ነዚፍ መጋረጃ መሀል ላይ ጋረደላትና እሱ ጋቢናው ውስጥ ተኮራምቶ አደረ።

በማግስቱ መንገዱ በሁለቱም በኩል ተቆረጠ። ወደ ይርጋጨፌ የሚወስደውን ድልድይ ጎርፍ ሸፈነው፣ ወደ ገደብ ከተማ የሚያስገባውን ዛፍ ወድቆ ዘጋው። ስልክ ጠፋ። ከዚያ በኋላ ያሉት ቀኖች ተመሳሰሉ። ዝናቡ የቅጥቅጧን ቆርቆሮ ይደበድባል፣ መስኮቱ ጉም ይለብሳል፣ ውስጡ የጥጃ፣ የናፍጣና የእርጥብ ሱፍ ይሸታል። ነዚፍ ብቻውን መሆን ለምዶ ነበርና መጀመሪያ ላይ ጨነቀው። ብዙነሽ ለጥጃው በጌዴኦኛ ታወራለታለች፣ ስትነሳ መዝሙር ትዘምራለች፣ ስትተኛ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ትጸልያለች። እሱ ሲሰግድ ግን ዝም ትላለች፤ ጥጃውን ጭምር አፉን በእጇ ትይዘዋለች። ከቤት ይዞት የወጣው ቋንጣ ነበረው። እሷ የእስላም ሥጋ እንደማትበላ ስለሚያውቅ አላወጣውም። በእሷ ቆጮና በላሟ ወተት ኖሩ።

አንድ ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ትንሽ ቀለል ሲል ብዙነሽ መስኮቱን በነጠላዋ ጠርጋ ወደ ታች፣ ወደ መንደሩ አቅጣጫ ስታይ ቆየችና፣

«ሱመይራ እያለ አጥራችን ቀዳዳ ነበረው» አለች። አማርኛዋ ወንድና ሴት አይለይም። «አንተ ደፈንከው።»

ነዚፍ መሪውን ይዞ ተቀመጠ። አጥሩን የደፈንኩት ዶሮ እየሾለከ ስላስቸገረኝ ነው ሊል አሰበና ተወው።

«ማየት አቅቶኝ ነው» አላት።

«አውቃለሁ። እኔም ባሌ የሞተ ጊዜ እሱ የተከለውን ቡና ዓመት ሙሉ አልለቀምኩም፤ መሬት ላይ ረገፈ። ሰው አበደ አለኝ።» ጥጃውን እያሻሸች ቀጠለች። «ማታ ማታ መኪናህ ውስጥ መብራት ሲበራ አያለሁ። ሲጠፋ ተኛ እላለሁ። እኔም እተኛለሁ።»

ነዚፍ ዞሮ ሊያያት አልቻለም። ያን ሁሉ ምሽት ማንም አያየኝም ብሎ ነበር መብራቱን ሲያበራና ሲያጠፋ የኖረው። አንዳንዴ ያለቅስ ነበር፤ አንዳንዴ በሱመይራ መጋረጃ ፊቱን ይሸፍን ነበር። ከአጥሩ ማዶ አንዲት አሮጊት የእሱን መብራት ጠብቃ እንደምትተኛ ቢያውቅ ምን ያደርግ ነበር? ምናልባት ምንም። ምናልባት ግን ደጇን አንኳኩቶ እንደምን አደሩ ይላት ነበር። ለማንኛውም ያን ዕለት ወተቱን አፍልቶ መጀመሪያ ለእሷ ቀዳላት። ስለ ሱመይራም ብዙ አወሩ። ብዙነሽ እሱ የማያውቃቸውን ነገሮች ታውቅ ነበር። ሱመይራ የእሱን መኪና ጥሩምባ ከሩቅ ለይታ ራት እንደምታቀርብ፣ ገና ሙሽራ ሳለች እንሰት መፋቅ ስትለምድ እጇ እንደተላጠ፣ ለእሱ ግን በብረት ምጣድ ተቃጠልኩ እንዳለችው።

ኮረብታው የወረደው በማግስቱ ረፋድ ላይ ነው። መጀመሪያ ላሟ ተንቀጠቀጠችና ገመዷን ወጠረች። ከዚያ ከሩቅ የከባድ መኪና ድምፅ የመሰለ ነገር መጣ፤ መንገዱ ግን ዝግ ነበር። ነዚፍ በሩን ከፍቶ ወጣ። ሰዉም ከትምህርት ቤቱ እየሮጠ ወጣ። ጉሙ ለአፍታ ገለጥ ብሎ ነበርና ሁሉም አየው። የኮረብታው ጎን ከነዛፉ፣ ከነቡናው ተንሸራቶ ወረደ። አልቸኮለም። ቀይ አፈር እንደ ገንፎ እየፈሰሰ መንደሩን መሀል ለመሀል ቆርጦ ሸለቆው ውስጥ ገባ። ሴቶቹ እሪ አሉ። ሰው ግን አልነበረም፤ ሁሉም ወጥቷል።

ጭቃው ሲረጋ ነዚፍ የሚያውቀውን ምልክት ሁሉ ፈለገ። የመስጊዱ ቆርቆሮ አለ። የብዙነሽ ጎጆ አለ፤ ደጇ ድረስ መጥቶ ቆሞላታል። ከአጥሩ ወዲህ፣ በእሱ በኩል ግን ምንም የለም። ቤቱ፣ ግቢው፣ የውሃ ታንከሩ፣ ሱመይራ በር ላይ የተከለችው ሮማን፣ በነበሩበት ቦታ አንድ ቀይ ሜዳ ተኝቷል። ቤቱን ሲሸሽ የኖረውን ሰው አሁን ቤቱ ሸሸው። የቅጥቅጧ መወጣጫ ላይ ተቀመጠ። ቤቱ እስካለ ድረስ አንድ ቀን ገብቼ አድራለሁ ብሎ ያስብ እንደነበር የገባው ያኔ ነው። ብዙነሽ አጠገቡ ቆማ ነጠላዋን ትከሻው ላይ ጣለችለት። አይዞህ አላለችም። እስኪበቃው አልቅሶ እስኪነሳ ድረስ ዝናቡ ውስጥ ቆማ ጠበቀችው።

ከቀናት በኋላ ድልድዩ ተከፈተ። የብዙነሽ ልጅ ፊሊጶስ ዲላ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የሚሠራ ትሁት ሰው ነው። የቀጠረውን መኪና መንገድ ላይ አቁሞ እየተንሸራተተ መጣ። ለነዚፍ እጅ ነስቶ አመሰገነ፣ እናቱን ግን ወደዚያ መንደር ከእንግዲህ አልመልሳትም አለ። ማንም ሊከራከረው አይችልም ነበር። ላምና ጥጃው ከዘመድ ጋር ይቀራሉ ተባለ። ብዙነሽ ጥጃውን ግንባሩን ሳመችው፤ ከዚያ ነዚፍን፣

«አብረን እንሂድ። ፊሊጶስ ቤቱ ሰፊ ነው» አለችው።

«መኪናዬን የት ልጥላት፣ እትዬ» አላት።

ያን መልስ ከዚህ በፊት ለሌሎች ሰጥቶታል፤ ያኔ ለማምለጥ ነበር። አሁን ግን እውነቱን ነው። ሰው ቤት ገብቶ መኖር አያውቅበትም። ፊሊጶስ ደግፏት ሲሄዱ ከኋላ አያት፤ ሁለቴ ዞር ብላ አየችው።

ስልክ ሲመለስ ሒባ እያለቀሰች ደወለች። ቤቱ መሄዱን ነገራት። ና አለችው፣ ሚክዳድም ና አለው። እመጣለሁ አላቸው። ግን ትምህርት ቤቱ ባዶ እስኪሆን፣ ሜዳው ላይ የቀሩት የሰዎች የእሳት ምልክቶች ብቻ እስኪሆኑ ድረስ እዚያው ሰነበተ። ማታ የቅጥቅጧን መብራት ሲያበራ ወደየት አቅጣጫ እንደሚያይ አያውቅም። ማንም የሚጠብቀው ስለሌለ ቶሎ ያጠፋው ጀመር።

ክረምቱ ሲጋመስ ባትሪ ገዝቶ ወደ ዲላ ወረደ። የፊሊጶስን ቤት ጠይቆ አገኘው፤ ፎቅ ላይ ነው። ልጅየው ሥራ ሄዷል፣ ምራቷም ሥራ ሄዳለች። ብዙነሽ ብቻዋን ንጹሕ ሶፋ ላይ ተቀምጣ፣ ቴሌቪዥኑ ድምፁ ተዘግቶ፣ መስኮቱን ስታይ አገኛት። ከስታለች። ጎረቤት አለ ወይ ሲላት፣ በሩ ሁሉ ተዘግቶ ነው የሚውለው፣ የማንንም ስም አላውቅም አለችው። ጥጃው እንዴት ነው ብላ ጠየቀችው። አድጓል፣ ይዘላል አላት። ሻይ ላፍላ አለችና ምድጃው እንዴት እንደሚበራ ስለጠፋት አፍራ ተቀመጠች።

«መኪናው ታች ነው?» አለችው።

«ታች ናት።»

ደግፏት ደረጃውን ወረዱ። ቅጥቅጧ ውስጥ ገብታ የድሮ ቦታዋ ላይ ተቀመጠች። እሱም የሾፌሩ ወንበር ላይ ተቀመጠ። ቡታጋዙ ላይ ሻይ አፈሉ። ዝናብ መጣ፣ ቆርቆሮውን ትንሽ መታው፣ አለፈ። ልጇ ከሥራ ሲመለስ እንዳይደነግጥ ብላ ተነሳች።

ደግመህ ና አላለችውም፤ እመጣለሁም አላላትም። ደረጃው ሥር ቆማ እጇን ከፍ አደረገች። ነዚፍ ሞተሩን አስነሳና ወጣ። በከተማው መውጫ ላይ መንገደኞች የመስመር መኪና መስላቸው እጃቸውን ዘረጉ። አለፋቸው። ትንሽ ሄዶ ግን እግሩ ፍሬኑ ላይ አረፈ። በመስታወቱ ሲያይ ዕቃቸውን አንስተው ወደ እሱ እየሮጡ ነው። በሩን ከፈተላቸው። ወናጎ፣ ይርጋጨፌ፣ ገደብ የሚል ሁሉ ገባ። ወንበር እንዳነሰ ሲያዩ አንዳንዶቹ ፍራሹ ላይ ተደርድረው ተቀመጡ። ከመካከላቸው አንድም የሚያውቀው ሰው አልነበረም።